«ዕድሜው ነው» ምን የሚሉት በሽታ ነው?

እኔ የምለው፣ «ዕድሜው ነው» የሚለው አባባል ከመቼ ጀምሮ ነው የበሽታ ስም የሆነው? ሱሉልታ ውስጥ አሥር ዓመት ሙሉ ግቢውን ከጅብና ከሌባ የጠበቀ ውሻ ምግብ ሲተው፣ ሲያስመልስ፣ ጎድኑ ሲቆጠር፣ ችሎቱ እዚያው በሩ ላይ ይሰየማል። አንዱ «አርጅቷል» ይላል። ሌላው «ትል ነው»። ሦስተኛው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እነዚያ ጎረቤቶች አብልተውት ነው!» ውሻው ይቀበራል፤ ሁለቱ ቤተሰቦች ሰላምታ እንዳቋረጡ ይከርማሉ። ሆዱን ያየ ግን የለም።

መርፌ ይዞ የሚመጣውም ያው ነው። ዛሬ አንቲባዮቲክ፣ ነገ ቪታሚን፣ ከነገ ወዲያ «በቃ፣ ይረፍ»። ሳያዩ መውጋት በመርፌ ዕጣ ማውጣት ነው።

«ለሰው ያልተዳረሰ መሣሪያ ለውሻ?» የሚለኝ አይጠፋም። ኧረ እባካችሁ! ደብረ ዘይት ላይ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ምሩቆቹ የውሻን አንጀት አሳምረው ያውቁታል። ሱሉልታ ደግሞ የወተት አገር ናት፤ የላም እርግዝና የሚታይበት ተንቀሳቃሽ አልትራሳውንድ፣ መዳሰሻው ተስማሚ እስከሆነ ድረስ፣ የውሻንም ሆድ ያሳያል። ድምፅ ልኮ ማሚቶውን የሚቀበል መሣሪያ የማንን ሆድ እንደሚያይ አይመርጥም። እኛ ነን የምንመርጠው።

ነገሩ ያን ያህል ረቂቅም አይደለም። ውሻው አቅሙ ከፈቀደ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ይጾማል፤ ምግብና አየር ምስሉን ይጋርዱታላ። የሆዱ ፀጉር ይላጫል። ራጅ ከሥጋ ቤት ደጃፍ የተለቀመውን አጥንት ወለል አድርጎ ያሳያል፤ አጥንቱ የተጠቀለለበት ላስቲክ ግን ሊያመልጠው ይችላል። አልትራሳውንድ የአንጀቱን ግድግዳ ንብርብር ሳይቀር ይለያል። ግድግዳው ወፍሮ ንብርብሩ ካልጠፋ ብዙውን ጊዜ የሚጠረጠረው ቁጣ ነው። ንብርብሩ ተደምስሶ እባጭ ከሆነ ካንሰር ያሰጋል። እግረ መንገዱንም ጉበቱ፣ ቆሽቱ፣ ኩላሊቱ ይታያሉ። ሽማግሌ ውሻ ሲያስመልስ ጥፋቱ የኩላሊት ሆኖ ጨጓራው በከንቱ ሲከሰስ መክረሙም አለና! ምስል ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ የደም ምርመራ፣ አንዳንዴም በመርፌ የተቀዳ ናሙና ይጨመርበታል። ቢሆንም በር ላይ ከተሰየመው ችሎት ይሻላል።

ውሻ በበላበት ይጮሃል እንላለን። ይኼኛው በበላበት አሥር ዓመት ጮኸ። ሲታመም የሚጠይቀው አንድ ቀን ጾምና አንድ ቀን መንገድ ነው፤ ቢርቅ አዲስ አበባን ተሻግሮ እስከ ቢሾፍቱ። ለመርፌ በየሳምንቱ ኪሱን የሚዳብስ አባወራ ይኼ ይበዛበታል?

ምስሉ ካንሰር ቢያሳይና «ይረፍ» ቢባል እንኳ፣ የተባለው ታይቶ ነው። ለሁለት ወር ቀስ በቀስ እየከሳ የሄደው ውሻ በሆዱ እባጭ ይዞ እንደነበረ ባለቤቱ በዓይኑ አይቷል። ማግስቱን ጎረቤቱን በር ላይ ሲያገኘው እንደ ወትሮው «እንደምን አደሩ» ይለዋል።