ሱሺ ኮሶበር ሲደርስ፦ የትኛውን ራይስ ኩከር እንግዛ?

እኛ ሀገር ዕቃ የሚመረጠው በሁለት ነገር ነው፤ በክዳኑ ማብረቅረቅና “ይሄ እኮ ከውጭ የመጣ ነው” በምትል ቃል። ምጣዱም፣ ካውያውም፣ ቴሌቪዥኑም እንዲሁ ሲገዛ ኖሯል። አሁን ተራው የሩዝ ማብሰያ ነው፤ ሰዉ “ራይስ ኩከር” የሚለው። ከዱባይ፣ ከጅዳና ከቤይሩት በሚመለሱ እህቶቻችን ሻንጣ ይመጣል። መርካቶም ሞልቷል። ወጣቱ ደግሞ በስልኩ ሱሺ ሲጠቀለል እያየ “እኔስ ለምን ቤቴ አልሞክረውም?” ማለት ጀምሯል። ይበል! እኔ የምቃወመው ሙከራውን ሳይሆን አመራረጡን ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ለእንጅባራና ለዳንግላ ልጅ የሚስማማው ራይስ ኩከር አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው ተራው ነው። ገንዘብ የተረፈው ሰው ደግሞ መብራት ወደሚያበዛው ዲጂታል ሳይሆን በቀጥታ ወደ ፕሬሸር ኩከር ይሂድ። “ደሃ ስለሆንን ርካሹን እንግዛ” ማለቴ አይደለም። ነገሩ ያለው ከፍታችን፣ መብራታችንና ሩዛችን ላይ ነው። እስቲ በየተራ እንያቸው።

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። ሱሺ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣበት ጥሬ ዓሣ ነው። ሱሺን ሱሺ የሚያደርገው ግን በአቼቶ፣ በስኳርና በጨው የተለወሰው ሩዝ ነው። ካሮት፣ ኪያርና አቮካዶ ብታስገቡበት አጥባቂ ጿሚ እንኳ የሚበላው ምግብ ይወጣዋል። (የጣናን ዓሣ ጥሬውን እንዳትሞክሩት! የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊኖርበት ይችላል፤ አብስሉት።) ስለዚህ ሩዙ ከተበላሸ ሱሺው የለም። ፍሬው እስከ ልቡ መብሰል አለበት፤ እርስ በርሱ መያያዝ አለበት፤ ገንፎ ግን መሆን የለበትም።

አሁን ወደ ከፍታችን። “ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል” ብለን ተምረናል። ይህ እውነት የሚሆነው ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። (ባሕር ዳር ከተማን ማለቴ አይደለም፤ እሷም 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች።) እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር፣ ዳንግላ ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ናቸው። ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው ቀድሞ ይፈላል፤ ኮሶበር ላይ ከ91 እስከ 92 ዲግሪ ገደማ፣ ዳንግላ ላይ 93 ገደማ። እሳቱን የፈለገውን ያህል ብትጨምሩ ክዳኑ የላላ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ተንኖ ያልቃል እንጂ። እናቶቻችን የባቄላ ንፍሮ ማገዶ ሲፈጅባቸው ይህንን ያውቁታል፤ ቁጥር አልሰጡትም እንጂ።

ራይስ ኩከሩስ? ተራው ማሽን ሥራው ቀላል ነው። ከውስጥ ድስቱ ሥር መሐል ላይ አንዲት ማግኔት አለች። ድስቱ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከመፍያው ነጥብ ብዙም አያልፍም። ሩዙ ውሃውን ጠጥቶ ሲጨርስ የድስቱ ሥር መጋል ይጀምራል። ከ100 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ሲል ማግኔቷ መሳብ ታቆማለች፤ ቁልፉም “ቀጭ” ብሎ ወደ ማሞቂያ ይመለሳል። በቃ! ማሽኑ ሩዙ ይብሰል አይብሰል አያውቅም፤ የሚያውቀው ውሃው ማለቁን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የኮሶበር ጣጣ ይመጣል። ሩዙ በ91 ዲግሪ ቀስ ብሎ እየበሰለ ሳለ ውሃው በእንፋሎት ይሄድበታል። ለባሕር ዳርቻ ተብሎ ድስቱ ላይ የተሠመረውን ልክ ብቻ ካመናችሁ ልቡ ጥሬ ሩዝ ይወጣችኋል። በዚያ ላይ ቁልፉ የሚዘልበት ሙቀት ከእኛ መፍያ ነጥብ ራቅ ስለሚል፣ ውሃው ካለቀ በኋላ ሥሩ ይበልጥ ለማረር ጊዜ ያገኛል። ከላይ ጥሬ፣ ከታች አራራ! ከዚያ “ዕቃው ፎርጅድ ነው” እንላለን። መፍትሔው ውድ ማሽን አይደለም። ሩዙን ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ መዘፍዘፍ፣ ለአንድ ስኒ ሩዝ ከአንድ ስኒ ከሩብ ውሃ ጀምሮ ልኩን መፈለግ፣ ቁልፉ ሲዘልም ሶኬቱን ነቅሎ ክዳኑን ሳይከፍቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መተው ነው። ፕሬሸር ኩከር የምለውም ለዚሁ ነው፤ እንፋሎቱን አምቆ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋልና።

“አየር ያን ያህል ለውጥ ያመጣል እንዴ?” የሚል ካለ የማሽኑን ታሪክ ይስማ። የመጀመሪያውን ስኬታማ አውቶማቲክ ራይስ ኩከር ቶሺባ ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። የሠራው ዮሺታዳ ሚናሚ ሲሆን ቀን ከሌት ሩዝ እየቀቀለች ሙቀት የለካችው ደግሞ ሚስቱ ፉሚኮ ናት። ማሽኑ ብርድ ሲሆን አልሠራ ብሏት በክረምት ውጭ እያወጣች ሞከረችው፤ በመጨረሻም ቅዝቃዜ እንዳያስገባ ድርብርብ ግድግዳ ተሠራለት። ማሽኑ ገና ሲወለድ ጀምሮ በየትኛው አየር እንደሚሠራ ተጠይቆበታል ማለት ነው። እኛስ ስንገዛ ለምን አንጠይቅም?

ሁለተኛው ጉዳይ መብራት ነው። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በቻግኒ በኩል ወደ ግድቡ የሚወስደው መንገድ ራሱ የሚገነጠለው ከእንጅባራ ነው። ይሁንና ቤታችን ውስጥ መብራት አሁንም ብልጭ ድርግም ማለቱን አልተወም። ተራው ማሽን ቁልፉ በእጅ የሚጫን ስለሆነ መብራት ሲሄድ እንደተጫነ ይቆያል፤ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ብዙ ዲጂታሎች ግን መብራት ቆየት ካለባቸው የጀመሩትን ይረሱታል። በወሬ መሐል ስልክ ተቋርጦበት “ምን እያልኩ ነበር?” እንደሚል ሰው ማለት ነው።

ቮልቴጁንም እዩ። የእኛ 220 ነው፤ የአሜሪካ 120፣ የጃፓን 100። አጎት ከዋሽንግተን የላኩትን ማሽን እንዲሁ ከሰካችሁት በጥቂት ጊዜ ተቃጥሎ ያርፋል። ከዱባይ የመጣው በቮልቴጅ ይስማማል፤ ባለ ሦስት እግር ሶኬቱ ግን ማስማሚያ ይፈልጋል። መጠኑም አይርሳ፤ ለሁለት ሰው ሱሺ ግዙፍ ድስት አትግዙ። ሥሩ ላይ ስስ ሆኖ የተነጠፈ ሩዝ ሳይበስል ይደርቃል።

“ድስትና ከሰል እያለ ማሽን ምን ያደርጋል?” ለሚለኝ ወዳጄ፦ እውነትህን ነው፣ ጎበዝ እጅ በድስትም ያወጣዋል። ከፋግታ ለኮማ የዲከረንስ ከሰል በየጊዜው በሚጫንበት አውራጎዳና ዳር ለምንኖር ሰዎች ከሰል ብርቅ አይደለም። ግን ከሰሉ አጠገብ ቆሞ ጭሱን የሚጠጣው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ እህትህ ናት። አነስተኛ ራይስ ኩከር የሚፈልገው 500 ዋት አካባቢ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3,000 ዋት በላይ ይጎትታል። አንድ ቁልፍ መጫን ደግሞ ለወንድ ልጅም አይከብድም። ሱሺ ያማረህ አንተ ከሆንክ ተጫነው!

የመጨረሻውና ከማሽኑ ሁሉ የሚበልጠው ሩዙ ነው። ሱቅ ውስጥ ባማረ ከረጢት የሚሸጠው ረጅሙ ባስማቲ ለሱሺ አይሆንም። አሚሎዝ የተባለው የስታርች ዓይነት ስለሚበዛበት ሲበስል ፍሬው ይበታተናል፤ የተፈጠረው ለፒላፍ ነው። ሱሺ የሚፈልገው አጭሩንና የሚጣበቀውን ነው። እሱ ደግሞ የት አለ? ፎገራ! ሩዝ ወደዚያ ሜዳ የገባው በደርግ ዘመን በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እገዛ ነው። ኤክስ-ጅግና የተባለው ነባሩ ዝርያ ነጭና አጠር ያለ ፍሬ አለው። ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ፤ የሱሺዋ ሀገር ጃፓንም በጃይካ በኩል ስታግዘው ቆይታለች። እኛ ግን ይህን ሩዝ የምናውቀው ጤፍ ሲወደድ እንጀራ ላይ ስንቀላቅለው ነው። “የእንጀራ ሩዝ” ብለን ንቀነው ለሱሺ ባስማቲ እንገዛለን። ወረታ፣ ባሕር ዳር፣ ዳንግላ፣ ኮሶበር በአስፋልት የተያያዙ ናቸው እኮ!

የፎገራው ሩዝ እንከን የለውም አልልም። ጠጠር አለው፤ ልቀሙት። ስባሪ ይበዛዋል፤ በወንፊት ለዩት፤ ስባሪው ነው ሩዙን ገንፎ የሚያደርገው። ውሃው ጥርት እስኪል እጠቡት። ሲበስል ማሽኑ ውስጥ አታቆዩት፤ ሰፊ ገበታ ላይ ገልብጡና አቼቶውን ከስኳርና ከጨው ጋር በጥብጣችሁ በትኩሱ ለውሱት፤ እያራገባችሁ አብርዱት። የእኛ ሱቅ ነጭ አቼቶ ከጃፓኖቹ የሩዝ አቼቶ ስለሚበረታ በጥቂቱ ጀምሩ።

እንግዲህ ገበያ ስትወጡ ክዳኑን ሳይሆን ከኋላው የተለጠፈውን ቮልቴጅና ዋት አንብቡ። ከዓረብ ሀገር የተመለሰች እህት ካለችም ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቋት፤ በየቀኑ ሩዝ ስትቀቅል የኖረች ሰው ከሻጩ ምላስ ይልቅ ታውቃለች። ከዕቃው የሚተርፈውን ብር ደግሞ ለፎገራ ገበሬ ስጡት።

ቸር ያሰንብተን!