የሲስተም ስህተት የሰውን ሐቅ ሐላል አያደርግም



ውድ ወጣቶች! መጋቢት 7 ቀን 2016 ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሲበላሽ የሆነውን እናስታውሳለን። በሒሳባቸው የሌለ ብር ከኤቲኤም ያወጡ፣ በሞባይል ያስተላለፉ ብዙ ነበሩ፤ አብዛኞቹም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። ባንኩ ነገሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገልጾ፣ የተወሰደበት ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን አሳወቀ። ያልመለሱትን በስምና በፎቶ ይፋ አደረገ። ጊዜው ደግሞ የረመዷን የመጀመሪያ ሳምንት ነበር!

ዛሬም ወሬው ሲነሳ «ማሽኑ ሰጠኝ እንጂ አልሰረቅኩም» የሚል አይጠፋም። ማሽን የብሩ ባለቤት ነው እንዴ? ያልነበረውን እንዴት ይሰጣል? ባለቤቱ ሳይፈቅድ የወጣ ብር በእጃችን ያለ አማና ነው። ተውበት ያደረገ ሰው እንኳ የሰው ሐቅ የሚወርድለት ለባለቤቱ ሲመልስ ነው።

ግን ሚዛን ሁለት ጎን አለው። ሱረቱል ሙጦፊፊን የምታስጠነቅቀው ሲቀበሉ ሞልተው፣ ሲሰጡ አጉድለው የሚሰፍሩትን ነው። ስለዚህ ኤቲኤም ብሩን ሳይሰጥ ከደንበኛ ሒሳብ ሲቆርጥም ባንክ የራሱን ለማስመለስ የሚቸኩለውን ያህል የደንበኛውን ለመመለስ መቸኮል አለበት።

የሱቅ ወንድሞቻችንም እዚሁ ሚዛን ላይ ናቸው። ነቀምት፣ ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ሞባይል የምትሸጡ! ራሱን እያጠፋ የሚያስቸግር ስልክ ፍላሽ አድርጎ «ምንም የለበትም» ማለት ማታለል ነው። ነቢዩ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) በገበያ ከእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት ሲያገኙ፣ ሻጩ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠይቀው፣ የሚያታልል ከእሳቸው እንዳልሆነ ተናግረዋል። ሶፍትዌር ውስጥ ያለ ጉድለትም እንደዚያ እርጥበት ነው፤ ከላይ አይታይም።

በፊቅህ ገዢው የተደበቀ ዐይብ ካገኘ ዕቃውን የመመለስ መብት አለው፤ ኺያሩል ዐይብ ይባላል። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ታዲያ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሑፍ በየሱቁ ምን ይሠራል?

ሻጮች፣ ዐይቡን ተናገሩ፤ በረካው እዚያ ነው። ገዢዎች፣ ደረሰኝ ያዙ፣ ስትጠይቁም በአደብ ጠይቁ። የባንኩ ብር እጁ ላይ ያለ ወንድም ካለ ደግሞ ሞት ሳይቀድመው ይመልስ።

ወላሁ አዕለም።