«ቻለው» መድኃኒት አይደለም

ጫግኒ ውስጥ ሩጫ የጀመረ ልጅ ቅልጥሙን ሲያመው መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ቻለው» የሚል ነው። አሠልጣኙ ይለዋል፣ ጓደኛው ይለዋል፣ ቆይቶ እሱም ለራሱ ይለዋል። ሯጭ ማለት ሕመም የሚችል ሰው ነው የሚለው እምነት ሥር ከመስደዱ የተነሳ፣ ቅልጥሜን አመመኝ ያለ ልጅ እንደ ሰበብ ፈላጊ ይታያል። ይህ እምነት በየዓመቱ ጎበዝ ልጆችን ከሩጫ እያስወጣ ነውና ሊተው ይገባል።

ሕመሙ የሚመጣበት መንገድ ግልጽ ነው። እግር መሬት በመታ ቁጥር የቅልጥም አጥንት በጥቂቱ ይጎብጣል። ሰውነት ለዚህ ጫና መልስ የሚሰጠው የተጎዳውን የአጥንት ክፍል አፍርሶ አዲስ በመሥራት ነው። ማፍረሱ ሳምንታት ይበቁታል፣ መልሶ መሥራቱ ግን ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ልምምዱን በድንገት የጨመረ ልጅ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሳንባው ጠንክሮ፣ አጥንቱ ግን ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ደክሞ ሊሮጥ ይችላል። «አሁን ገና ፎርም ያዘ» የሚባለው ልጅ በድንገት የሚያነክሰውም ለዚህ ነው። ያኔ «ቻለው» ማለት ግድግዳው ሳይደርቅ ጣራ መጫን ነው።

እኛ ጋ ድንገተኛው ጭማሪ መቼ እንደሚመጣ ይታወቃል። የሯጮች ምልመላ ሲቃረብ በቀን አንድ የነበረው ልምምድ ጠዋትና ማታ ይሆናል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ቀዩ አፈር ይጨቀይና ሯጩ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አስፋልት ላይ ይወጣል፤ ለስላሳ መሬት የለመደ እግር በሳምንት ውስጥ ደረቅ መንገድ ይሰጠዋል። ጫማው ከሰልባጅ የተገዛ፣ ሶሉን የሌላ ሰው እግር የጨረሰው ነው። ይህን ሁሉ አድርገን ልጁ ሲያመው ወኔ የለውም እንላለን።

አሠልጣኝ ያለ ምንም መሣሪያ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። ልጁን አስቀምጦ፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለውን የቅልጥም ውስጠኛ ጠርዝ በአውራ ጣቱ እየተጫነ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይውጣ። ሕመሙ ሦስት አራት ጣት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ተዘርግቶ ከተገኘ፣ ሲያሟሙቅም ቀለል የሚልለት ከሆነ፣ ጊዜው አላለፈም። ሩጫውን ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት አቁሞ በብስክሌት ትንፋሹን ሊጠብቅ ይችላል። ሕመሙ ግን ሳንቲም በምታህል ቦታ ላይ ከተሰበሰበ፣ ሌሊት ከቀሰቀሰው፣ በዚያ እግሩ ብቻ መዝለል ካቃተው፣ አጥንቱ መሰንጠቅ ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል የዚያኑ ቀን ልምምዱ ይቁም፣ ሐኪምም ይየው። «ራጅ ተነሳሁ፣ ምንም የለም ተባልኩ» የሚለውም መተማመኛ አይሆንም፤ ስንጥቁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ላይታይ ይችላል።

ብዙዎቹ ግን ሐኪም ጋ ከመድረሳቸው በፊት ወጌሻ ዘንድ ይሄዳሉ። ወጌሻ የተወለቀ ትከሻ ሲመልስ አይቻለሁ፣ ሙያውንም አከብራለሁ። የቆሰለ አጥንትን በቅቤ እያሹ በጉልበት መጫን ግን ቁስሉን ያባብሳል። ከዚህ የባሰው በውድድር ዋዜማ የሚወጋው ዲክሎፌናክ ነው። ሕመሙን ያደበዝዘዋል፣ አጥንቱን አይጠግነውም፤ ልጁም ሊያስቆመው የሚገባው ስሜት ጠፍቶለት እስኪሰበር ይሮጣል።

ስለ ሴቶቹ ጮክ ተብሎ መነገር ያለበት ነገር አለ። የወር አበባ መቅረት የጠንካራ ልምምድ ምልክት ተደርጎ ሲወራ እሰማለሁ። ሦስት ወር የቀረባት ሯጭ አብዛኛውን ጊዜ ከምታቃጥለው ያነሰ እየበላች ያለች ልጅ ናት፤ አጥንቷም እየሳሳ ነው። እሷን «ቻይው» ማለት በቀጥታ ወደ ስብራት መስደድ ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ አበበ ቢቂላ ሳይጠራ አይቀርም። በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ፤ በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ባደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ደገመው። እውነት ነው። ነገር ግን ሮም ላይ ባዶ እግሩን የሮጠው የሚስማማው ጫማ ስላልተገኘ ነበር፣ እግሩም ያንን የለመደ ነበር። ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ነው የሮጠው። ትርፍ አንጀቱንም ሐኪም አውጥቶለት ነበር፤ የታመመውን አካል እንደታመመ ይዞ አልሮጠም። ጥሩነሽ ዲባባም በጉዳት ከበርሊኑም ከዴጉም የዓለም ሻምፒዮና ቀርታለች፤ በ2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ ግን የ10,000 ሜትር ወርቋን ወስዳለች። መቅረቷ ስሟን አላሳነሰውም።

ከሁሉም የሚገርመኝ «ቻለው» የሚባለው ጫግኒ ባለችበት በአዊ ምድር መሆኑ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሱን ሸልሞ የሚወጣ ሕዝብ፣ ፈረሱ ሲያነክስ ወርዶ ኮቴውን ያያል፣ ያሳርፈዋል፣ ማንም ቢለምነው አያስጋልበውም። ይህ እውቀት ለልጆቻችን እግር ሲሆን የት ይገባል? ከዚሁ ዞን፣ ከጥሊሊ የወጣው ሯጭ የኔው አላምረው በ2003 ዓ.ም. ዶሃ ላይ 3,000 ሜትርን በ7:27.26 ሮጧል። እንዲህ ያለ እግር የሚያበቅል ዞን እግሮቹን በከንቱ ሊያባክን አይገባም።

ስለዚህ አሠልጣኞች ርቀትና ፍጥነትን በአንድ ሳምንት ውስጥ አብረው አይጨምሩ። ባትን ለማጠንከር ልጆቹን በደረጃ ጠርዝ ላይ ተረከዝ እያስነሱ ያሠሯቸው። አርፎ የተመለሰ ልጅ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ተራምዶ ካላመመው፣ ቀን እየዘለለ፣ ሩጫን ከእርምጃ ጋር እያፈራረቀ ይጀምር።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ልጁ ማመሙን ሲናገር ብቻ ነው። ዛሬ የሚደብቀው ከተናገረ ስሙ እንደሚሰረዝ ስለሚያውቅ ነው። ምልመላ የሚያካሂዱ ሰዎች ቅልጥሙን አሞት የቀረውን ልጅ ከዝርዝሩ ሳያወጡ በቀጣዩ ዙር ይጥሩት፤ ይህንንም ምልመላው ከመጀመሩ በፊት በልጆቹ ሁሉ ፊት ይናገሩ።