ለሦስት ቀን ቆሎ የሱቅ ፈቃድ?

ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ ቆሎ፣ ሎሚና ሸንኮራ የያዙ እናቶችም አብረው ይወርዳሉ። ደንብ አስከባሪውም ይከተላቸዋል። «የንግድ ፈቃድሽ የታለ?» ይባላሉ። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ግን የታሰበው አድራሻ ላለው ነጋዴ ነው፤ በሦስት ቀን በዓል አንድ ቁና ቆሎ የምትሸጥን ሴት የሱቅ ኪራይ ውል አምጪ ማለት ከመከልከል በምን ይለያል? ደግሞስ ሎሚ ሻጯ ከተባረረች ጎረምሳው ምን ሊወረውር ነው?

«የምግብ ንጽሕና ይጠበቅ» የሚሉን አሉ። እኛም የምንበላው ከዚያው ነውና ይጠበቅ እንላለን! ነገር ግን ቅርጫቷን አንስታ ለመሮጥ የተዘጋጀች ሻይ ሻጭ ብርጭቆዋን በየትኛው ጊዜ ታጥባለች? ፈቃድ ያላት ቦታዋ ይታወቃል፣ ውኃዋ ይታያል፣ ጥፋት ቢገኝባት ትጠየቃለች። የምትሸሸውን ማን ይመረምራታል?

ቦታ የለም እንዳይባል፣ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚሁ ወደ ጃንሜዳ ሲዛወር አይተናል። ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው።

ስለዚህ ወረዳው ከበዓሉ ሳምንት አስቀድሞ፣ በአንድ ወረቀትና በአንድ መስኮት፣ በመታወቂያ ብቻ የበዓል ፈቃድ ይስጥ፤ ክፍያው ከአንድ ቅርጫት ትርፍ አይብለጥ፤ ዕቃም ያለ ደረሰኝ አይወሰድ። የሕግ ተማሪዎች ወንድሞችና እኅቶች ረቂቁን ይጻፉልን፣ መምህራንም ይረሙልን፤ ከገና በፊት ወረዳው ጠረጴዛ ላይ መድረስ አለበት።