«ሕገወጥ» ከማለታችሁ በፊት

ወዳጆቼ፣ ጽሑፏ ረዘም ትላለች፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። በተለይ እናንተ ተማሪዎቼ።

ባለፈው ሳምንት ማታ በኢሞ ተደወለልኝ። ከሪያድ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሥነ ዜጋ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ይቺ ልጅ በባሕር አልሄደችም። ፓስፖርት፣ ውል፣ የጤና ምርመራ፣ ሥልጠና ሁሉን አሟልታ፣ በኤጀንሲ፣ በቦሌ ነው የወጣችው። አሠሪዋ የሰባት ወር ደሞዝ ከለከላት። ስትጠይቅ ስድብና ዱላ ሆነ። ቤቱን ለቃ ወጣች። ከፊሏ ወዲያው «ጠፍታለች» ብሎ አስመዘገበ፤ እነሱ «ሁሩብ» የሚሉት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ኢቃማዋ ዋጋ የለውም። ፖሊስ ካገኛት ወደ እስር፣ ከዚያ ባዶ እጇን ወደ አገሯ።

«ቲቸር፣ እኔ ምን ሕግ ጣስኩ?» አለችኝ። የሥነ ዜጋ መምህሩ መልስ አጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ የታሰረው ከአንድ አሠሪ ጋር ነው። ደሞዟን የሚከለክላትም፣ ከሕጋዊነት የሚያስወጣትም ያው አንድ ሰው ነው። ሳዑዲ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ሥርዓቱን አሻሻልኩ ብላ ሠራተኞች ያለ አሠሪ ፈቃድ ሥራ የሚቀይሩበትን መንገድ ስትከፍት የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም። በሩ የተከፈተው ለሌላው ነው፤ በር ተቆልፎባት ለምትኖረው አይደለም።

የኛስ መንግሥት? በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ተባረው ሲመጡ እናስታውሳለን። ያኔ መፍትሔ የተባለው ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን ማገድ ነበር። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። ታዲያ ሰው መሄዱን አቆመ እንዴ? እኛ ወሎዎች እናውቀዋለን፣ አላቆመም! በቦሌ መሄድ ሲከለከል በኦቦክ፣ በጀልባ፣ በየመን በረሃ ሄደ። ደላላ ከበረ። በሩን ራስህ ዘግተህ በመስኮት የገባውን «ሕገወጥ» ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

«ሕግ ይከበር እንጂ» የምትሉኝ አላችሁ። እኔም የማስተምረው እሱኑ ነው። የትኛውም አገር ድንበሩን ቢጠብቅ አልቃወምም። ግን ሕግ ሁለቱንም ወገን ሲይዝ ነው ሕግ የሚባለው። የሷ ስም «ጠፊ» ተብሎ ሲመዘገብ፣ የሰባት ወር ደሞዝ የበላው ሰውዬ ስም የት ተመዘገበ?

አውሮፕላን ተልኮ «ዜጎች ተመለሱ» ሲባል በዜና እናጨበጭባለን። መመለሳቸው ጥሩ ነው፤ ያልተከፈላቸው ደሞዝ ግን እዚያው ይቀራል። መንግሥታችን የሥራ ስምምነት ሲፈርም ይህን ይጠይቅ፦ ሠራተኛዋ ሳትሰማ ሁሩብ አይመዝገብ፤ የተበደለች አሠሪ መቀየር ትችል፤ ደሞዟ በባንክ ይግባ፤ ሒሳቧ ሳይዘጋ አትባረር። ሰው ስንልክ እንደ ዕቃ አንቁጠር!

ለልጅቷ ያልመለስኩትን እዚህ ልመልስ። ውሉን ያፈረሰው ደሞዝሽን የበላው ነው፣ እህቴ። አንቺ ነፍስሽን ነው ያወጣሽው።

ለመሄድ የተዘጋጃችሁ ተማሪዎቼ ደግሞ አደራ፦ የውላችሁንና የፓስፖርታችሁን ፎቶ ለቤተሰብ ሳትልኩ ከቤት እንዳትወጡ። እዚያ ያላችሁ፣ የደረሰባችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ ስም አያስፈልግም።