ብዕርና ደጅ ጥናት

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ደመወዝ ሳይቆረጥለት ለጋዜጣና ለመጽሔት እየጻፈ በየጽሑፉ የሚከፈለው ሰው፣ ዛሬ ፍሪላንሰር የሚባለው፣ ሁለት ነገር ይቸግረዋል፤ አንዱ የሚጽፈው ጉዳይ፣ ሁለተኛው የሚያጽፈው ሰው ነው። ብዙዎች ግን ሁለቱንም ከአንድ ደጅ ይፈልጋሉ። ከአዘጋጁ ቢሮ በር ተቀምጠው «ምን ልጻፍልዎ?» ይላሉ፤ ያም ባይሆንላቸው አማላጅ ይልካሉ። ይህ ደጅ ጥናት እንጂ ጸሐፊነት አይደለም።

«ርእስ አጣሁ» የሚል ሰው ያጣው ርእስ አይደለም፤ እግሩን ሰንፎ ነው። መርካቶ እህል በረንዳ ወርደህ አንድ ኩንታል ጤፍ ከገበሬው ተነሥቶ ከሸማቹ ቤት እስኪደርስ በማን በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ ዋጋውም የት ላይ እንደሚጨምር፣ ነጋዴውን፣ ደላላውንና ተሸካሚውን ለየብቻ ጠይቅ። መልሳቸው አንድ አይሆንም፤ ጽሑፍህም በመልሶቹ መካከል ተቀምጦ ይጠብቅሃል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በግልጽ ችሎት እንዲሰማ ደንግጓልና፣ በልዩ ምክንያት ካልተዘጋ በቀር ችሎት ገብተህ አድምጥ። አዲስ አዋጅ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ በወጣ ጊዜም አንብበህ «ይህ የማንን ቤት ይነካል?» በል፤ ከዚያም ወደዚያ ቤት ሂድ።

«አዘጋጁ ዘመዱን ያስቀድማል» ትለኝ ይሆናል። አዎን፣ የሚያስቀድም አለ፤ ነውሩም የእርሱ ነው። ዳሩ ግን ባዶ እጁን የሄደ ሰው ምን ቀረብኝ ብሎ ይከሳል? በአንድ ገጽ ላይ ጉዳዩ ምን እንደ ሆነ፣ ለምን ዛሬ መጻፍ እንዳለበት፣ እነማንን እንደ ጠየቅህ፣ በስንት ቀን እንደምታደርስ ጽፈህ አቅርብ። ክፍያውንም ሳታፍር አስቀድመህ ተነጋገር። አንዱ እንቢ ቢልህ ለሌላው ስደድ። በቀጠሮህ ቀን ያደረስህ እንደ ሆነ፣ ለሁለተኛው ሥራ አማላጅ አያሻህም።

ከሁሉ የከፋው ግን የስብሰባ ጥሪ እያሳደደ ውሎ አበል የሚቀበል፣ የተሰጠውንም መግለጫ ስሙን ጽፎበት የሚያሳትም ነው። ጉዳይም አጻፊም ያገኘ ይመስለዋል፤ እርሱ ግን ተገዝቷል። የጽሑፍ ዋጋ ትንሽ መሆኑን፣ ችግርም ክፉ መካሪ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን አንባቢ ገንዘቡን የሚከፍለው ጸሐፊው ስለ እርሱ ሆኖ እንዲጠይቅለት ነው። ከሚጻፍለት ሰው እጅ የተቀበለ ጸሐፊ ሁለት ጊዜ ተከፍሎት አንድ ጊዜም አላገለገለም።

እንግዲህ ወጣት ሆይ፤ ደጅ መጥናት የግድ ከሆነብህ የገበያውን፣ የችሎቱንና የተበደለውን ሰው ደጅ ጥና። ከዚያ ደጅ የተመለሰ ብዕር የሚጽፈው አያጣም፤ የሚጽፈው ያላጣም ሰው በማንም ፊት አንገቱን አይሰብርም።