ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አባቶች። ይህን የሚሉት ስለ ሐሜት ነው፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉ በኋላ የሚሰማ እርሱ ራሱ ነውና። ይሁን እንጂ ምሳሌው ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናነሣው ላሰብነው ጉዳይም የሚስማማ ሆኖ አግኝተነዋል። ጉዳዩም በተለምዶ ሄድፎን ለምንለው የጆሮ ማዳመጫ ኃይል የሚሰጠው አምፕሊፋየር ነው።

ውድ አንባቢ፤ እርስዎ ምናልባት በአማኑኤል ከተማ በማቻከል ወረዳ መሥሪያ ቤት በቅርቡ የተቀጠሩ ሠራተኛ፥ ወይም በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ተማሪ ይሆናሉ። የሚኖሩት በኪራይ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ስስ ስለ ሆነ ጎረቤት ላለማወክ ሙዚቃ የሚሰሙት በሄድፎን ነው። ደህና ሄድፎንና አነስተኛ አምፕሊፋየር አለዎት እንበል። አሁን ደግሞ የእቁብ ዕጣ ደርሶዎታል፤ አንድ ወዳጅዎም ትልቁን አምፕሊፋየር ቢገዙ ድምፁ ፈጽሞ ሌላ እንደሚሆን አጥብቆ ይነግርዎታል። ዋጋው ግን የብዙ ወር ደመወዝ ነው። ይግዙ ወይስ ይቅር?

መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ አምፕሊፋየር ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያሻል። አምፕሊፋየር ዘፈን አያሳምርም። ዋና ሥራው ከስልክ ወይም ከኮምፒውተር የሚወጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ መልኩን ሳይለውጥ ማበርታት ነው። ምን ያህል ማበርታት እንዳለበት የሚወስነውም ሄድፎኑ ነው። ቤየርዳይናሚክ የተባለው የጀርመን ፋብሪካ ዲቲ 880 የተሰኘውን ሄድፎን በሦስት ዓይነት ሠርቶ አውጥቷል። የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገቱበት መጠን በኦም ሲለካ አንደኛው 32፥ ሁለተኛው 250፥ ሦስተኛው 600 ነው። ለእያንዳንዳቸው 1 ቮልት ብንሰጣቸው የመጀመሪያው 31 ሚሊዋት፥ ሁለተኛው 4 ሚሊዋት፥ ሦስተኛው ከ2 ሚሊዋት ያነሰ ኃይል ይወስዳሉ። አፕል በ2018 እ.ኤ.አ. በ9 ዶላር ለገበያ ያወጣው፥ ከስልክ ጋር የሚሰካ ትንሽ ማገናኛ እንኳ ለአሜሪካ የተሠራው 1 ቮልት ያህል ይሰጣል። ስለዚህ ባለ 32 ኦሙን ለያዘ ሰው ያ ትንሽ ነገር ይበቃዋል፤ ባለ 600 ኦሙን ለያዘ ሰው ግን ዝግ ብሎ የተቀዳ ሙዚቃ ሲከፍት ኃይሉ ሊያንሰው ይችላል።

የእርስዎ ይበቃ እንደ ሆነ ለማወቅ መሐንዲስ መጥራት አያስፈልግም። ካለዎት ሙዚቃ ሁሉ ዝግ ብሎ የተቀዳውን ይክፈቱ። መቆጣጠሪያው መጨረሻ ሳይደርስ ድምፁ በቂ ከሆነና ሳይሰነጠቅ ከወጣ፥ ኃይል አልጎደለዎትም ማለት ነው። ነጋዴው «ይኼኛው በእጥፍ ይበልጣል» ቢልዎትም አይደንግጡ። የኃይል እጥፍ ማለት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «እጥፍ ሆነ» እንዲል ግን ኃይሉ 10 ጊዜ ያህል ማደግ አለበት።

ምሳሌው የሚመጣው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ድምፆች ቀርበውልን አንዱ በጥቂቱ ከፍ ያለ እንደ ሆነ፥ ጆሮአችን «ይኼኛው ጮኸ» አይለንም፤ «ይኼኛው ጠራ፤ ይኼኛው ነፍስ አለው» ይለናል እንጂ። ለዚህም የ1 ዴሲቤል ልዩነት እንኳ ይበቃል። በዚያ ላይ ዕቃው ከባድና የሚያብረቀርቅ መሆኑን፥ ዋጋውም ውድ መሆኑን ካወቅን፥ ዓይን ላየው ነገር ጆሮ ምስክር ሆኖ ይቆማል። ይህ የሞኝነት ምልክት አይደለም፤ የሰው ሁሉ ተፈጥሮ ነው።

ነገሩ በሙከራ ታይቷል። በ1987 እ.ኤ.አ. ስቴሪዮ ሪቪው የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ዋጋቸው ከ220 ዶላር እስከ 12,000 ዶላር የሚደርስ አምፕሊፋየሮችን ድምፃቸውን እኩል አድርጎ፥ የትኛው እየተጫወተ መሆኑን ሳይነግር ለሰዎች አሰማ። ከሰሚዎቹ መካከል ልዩነቱን በግልጽ እንሰማለን ብለው የሚያምኑም ነበሩበት። ውጤቱ ሲቆጠር ግን ሳንቲም ጥሎ ከመገመት የማይሻል ሆነ። እነዚያ አምፕሊፋየሮች ለትልልቅ ስፒከር የተሠሩ ቢሆኑም ትምህርቱ ለሄድፎንም ያገለግላል።

በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ እውነተኛ ስሙን ደብቆ ኤንደብልዩአቭጋይ በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ አንድ መሐንዲስ፥ ኦ2 የተባለ የሄድፎን አምፕሊፋየር ንድፍ አወጣ። ንድፉን ማንም ሰው ለራሱ እንዲሠራበት በነፃ ሰጠ። መሣሪያው በሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ የሚሠራና በርካሽ ዕቃ የተገጣጠመ ነው፤ ይሁን እንጂ በመለኪያ ሲፈተሽ ጉድለቱ ጆሮ ከሚለየው በታች ሆኖ ተገኘ። ሰውዬው በ2012 እ.ኤ.አ. ጽሑፉን አቋርጦ ጠፋ፤ ንድፉ ግን እስከ ዛሬ ይሠራበታል። መብራት በሚጠፋበት ቀን በባትሪ መሥራቱም ለእኛ አገር ኑሮ የተመቸ ነው።

ታዲያ ሁሉም አምፕሊፋየር አንድ ነው ማለታችን ነውን? አይደለም። አንደኛ፥ አምፕሊፋየሩ ራሱ በመውጫው ላይ የሚይዘው ኦም ከሄድፎኑ ኦም ከስምንት አንድ እጅ ባይበልጥ ይመረጣል። በአንዳንድ የቆዩ መሣሪያዎች ላይ እንዳለው 120 ኦም የሆነ እንደ ሆነ፥ አንዳንድ ሄድፎኖች ወፍራሙን ድምፅ ያለ ልክ ያብጡታል። ሁለተኛ፥ ጥቃቅን የጆሮ ማዳመጫ በቀላሉ የሚነቃ ስለ ሆነ፥ ኃይለኛ አምፕሊፋየር ሲሰኩበት «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ያሰማል። ሦስተኛ፥ ስታክስ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራቸው በከፍተኛ ቮልት የሚንቀሳቀሱ ማዳመጫዎች አሉ፤ እነዚህ የራሳቸው ልዩ አምፕሊፋየር ከሌለ ጨርሶ አይሠሩም። አራተኛ፥ እንደ ድሮ ራዲዮ የመስታወት ቲዩብ ያለው አምፕሊፋየር በድምፁ ላይ የራሱን ቅመም ይጨምራል። ቅመሙን የወደደ ሰው ይግዛው፤ ወጡ ራሱ ተለወጠ ግን አይበል።

ስለዚህ ወዳጅዎ አዲሱን አምፕሊፋየር ይዞ ሲመጣ እንዲህ ያድርጉ። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚይዙትን መልቲሜትር ይዋሱ። በሰከንድ 400 ጊዜ የሚርገበገብ ወጥ ድምፅ ዝግ አድርገው ይክፈቱ፤ ሄድፎኑ እንደ ተሰካ፥ ግን ከጆሮዎ ወርዶ፥ የሁለቱን አምፕሊፋየሮች የመውጫ ቮልት ይለኩ። ልዩነታቸው ከመቶ አንድ እጅ እስኪያንስ ድረስ መቆጣጠሪያውን ያስተካክሉ፤ ከዚያ በኋላ አይንኩት። ቀጥሎ ጀርባዎን ይስጡና ወዳጅዎ በሳንቲም ዕጣ እየጣለ 16 ጊዜ አንዱን ወይም ሌላውን ያሰማዎት። እርስዎ የትኛው እንደ ሆነ በወረቀት ይጻፉ። 12 ወይም ከዚያ በላይ በትክክል ካገኙ ልዩነቱ በእርግጥ ይሰማዎታል ለማለት ይቻላል፤ በግምት ብቻ እዚያ መድረስ ከመቶ አራት ጊዜ እንኳ አይሞላም። 8 ወይም 9 ካገኙ ግን የእቁቡን ብር ወደ ኪስዎ ይመልሱ።

ዕቃው ከውጭ አገር በዘመድ እጅ የመጣ እንደ ሆነ ደግሞ ሳይሰኩት ጀርባውን ይመልከቱ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ያህል ነው፤ የእኛ ግን 220 ነው። 115 የሚል ምልክት ላይ የቆመ ማብሪያ ካለው ወደ 230 ይዙር፤ ማዞሪያ ከሌለውና ለአሜሪካ ብቻ የተሠራ ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር እንዳይሰካ። በአንድ ሰከንድ የሚቃጠል ዕቃ ስንት ዓመት የተለቀመ ገንዘብ ነው!

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ይኸውም አምፕሊፋየር በቅጂው ውስጥ የሌለውን ሊያመጣ አለመቻሉ ነው። አምሐ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ባቋቋመው አምሐ ሬከርድስ የታተሙትን ሸክላዎች፥ ወይም ከዚያ በኋላ የመጡትን ካሴቶች ስንሰማ፥ የመርፌው መንኳኳትና የክሩ ሹክሹክታ የቅጂው አካል ናቸው። የተሻለ መሣሪያ እነርሱንም አጥርቶ ያሰማናል። የዓለሙ አጋን በገና የሰማ ሰው ደግሞ «ዝዝዝ» የሚለውን ድምፅ ሰምቶ አምፕሊፋየሬ ተበላሸ እንዳይል። በገና 10 ጅማት አለው፤ በእያንዳንዱ ጅማትና በድጋፉ መካከል እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ ያን ነዛሪ ድምፅ ሆን ብሎ የሚያወጣው እርሱ ነው። እውነተኛውን ብልሽት ለመለየት ዘፈኑን ያቁሙት። ያን ጊዜም የሚያጉረመርም ድምፅ ከቀጠለ፥ ምክንያቱ የመብራቱ መስመር ወይም የገመዱ አሰካክ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ሲገኝ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እንመክራለን፦ በመጀመሪያ ደህና ቅጂ፥ ቀጥሎ ደህና ሄድፎን፥ አምፕሊፋየር ከሁሉ በኋላ። ከአንዱ ሄድፎን ወደ ሌላው ሲተላለፉ የሚሰማው ልዩነት ጎልቶ የሚታወቅ ነው፤ ዓይንን መሸፈንም አያስፈልገውም።

የመጨረሻው ነገር ከገንዘብም በላይ ነው። 1 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር ከላይ ከጠቀስነው ባለ 32 ኦም ሄድፎን ጋር ቢገናኝ ከ120 ዴሲቤል በላይ ሊያስጮኽ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚፈቅደው በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ በ90 ዴሲቤል 4 ሰዓት ብቻ፥ በ100 ዴሲቤል ደግሞ በሳምንት 20 ደቂቃ ብቻ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ አይተኩም። ባዳ የሆነው ጆሮ በዚህም ባዳ ነው፤ እየተጎዳ ሳለ ለባለቤቱ አይነግረውም። ከሰሙ በኋላ ጆሮዎ «ጭው» ካለ ግን ዘግይቶ ነገረዎት ማለት ነውና፥ በዚያው ቀን ድምፁን ይቀንሱ፤ ጆሮዎንም ያሳርፉት።

አምፕሊፋየር ሁልጊዜ የተሻለ ይወጣል፤ የዛሬው ትልቅ በዓመቱ ትንሽ ይባላል። በመልቲሜትርና በወዳጅ እርዳታ የሚደረገው ፈተና ግን የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ይሞክሩት። ቸር ይሰንብቱ።